ፕሮፖዛሉን ለጊዜው አስቀምጡትና መጀመሪያ ለጋሹን አንብቡት

ባለፈው ሳምንት አንዲት ልጅ መልእክት ላከችልኝ። ከጓደኞቿ ጋር ሆነው ማየት ለተሳናቸው ተማሪዎች መጽሐፍ በድምፅ የሚቀዳ ትንሽ ማህበር አቋቁመው ዓመት አልፏቸዋል፣ እስካሁን እያዋጡ ነው የሰሩት፣ አሁን ግን መቅጃውም እያረጀ ተማሪውም እየበዛ ከአቅማቸው በላይ ሆነ። የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፣ "እህቴ፣ የዶነሮች ኢሜል ሊስት ካለሽ ላኪልኝ።"

ሊስት አልላክኩላትም። ቢኖረኝም አልልክላትም ነበር፣ ሰስቼ አይደለም፣ እንደዛ ዓይነት ሊስት ይዘን አንድ ሙሉ ዓመት ስላቃጠልን ነው። ለሷ የመለስኩላት እየረዘመ ሄደ፣ ሌሎችም ይሄንኑ ስለሚጠይቁኝ እዚህ ዘርዘር አድርጌ ላስቀምጠው።

እኔ ያለሁበት ማህበር መስማት ለተሳናቸው ልጆች ወላጆች የምልክት ቋንቋ ያስተምራል። አሜሪካ ውስጥ የተሰራ የታወቀ ጥናት እንዳሳየው መስማት ከተሳናቸው ልጆች ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት የሚወለዱት ከሚሰሙ ወላጆች ነው፣ ስለዚህ ልጁ ትምህርት ቤት ቋንቋውን ተምሮ ቤቱ ሲገባ የሚያወራው ሰው ያጣል። ሆዱን ያመመውን ልጅ አስቡት፣ የት ጋር እንዳመመው ለእናቱ መንገር አይችልም፣ እሷም መጠየቅ አትችልም፣ ሁለቱም እየተያዩ ያለቅሳሉ። ጉዳዩ ይሄን ያህል ግልጽ ከሆነ ገንዘብ አይጠፋም ብለን ነበር የጀመርነው።

እና ምን አደረግን፣ ከዚህም ከዛም የተሰበሰበ የ60 ድርጅት አድራሻ አገኘን፣ አንድ ደብዳቤ ጻፍን፣ ስሙን እየቀያየርን ለሁሉም ላክነው። ከ60ው የመለሱት 2 ናቸው። አንደኛው የሚረዳው የካንሰር ምርምር ብቻ እንደሆነ በትህትና ገለጸልን፣ ሁለተኛው ደግሞ ራሱ ካልጋበዘ በቀር ማመልከቻ እንደማይቀበል ዌብሳይቱ ላይ መጻፉን አስታወሰን። ተጽፎ ነበር፣ አላነበብንም። እዛ ላይ የጠፋው ጊዜ የአስተማሪዎቻችን ጊዜ ነበር፣ በነዛ ሳምንታት ሁለት ክፍል ሳይከፈት ቀርቷል፣ እስካሁን ሳስበው ይቆረቁረኛል ምክንያቱም እየጠበቁ የነበሩ እናቶችን በስም አውቃቸዋለሁ።

ከዛ በኋላ ነው ቦርዳችን ውስጥ ያሉ አንድ ጋሼ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሂሳብ ሲሰሩ የኖሩ ሰው፣ "ልጆቼ፣ ሰውየው ገንዘቡን ምን ላይ እንዳዋለው ሳታዩ ገንዘብ ስጠን ትሉታላችሁ?" ያሉን። ይቺ አንድ ጥያቄ አሰራራችንን ገለበጠችው።

ለካ አብዛኛው ነገር ክፍት ነው። አሜሪካ ያሉ የግል ፋውንዴሽኖች በየዓመቱ ለግብር መስሪያ ቤቱ የሚያስገቡት ፎርም 990 ፒኤፍ የሚባል አለ፣ በዛ ዓመት ለማን፣ ስንት፣ ለምን ጉዳይ እንደሰጡ አንድ በአንድ ይዘረዘርበታል፣ ማንም ሰው ኢንተርኔት ላይ በነፃ ማየት ይችላል። ፕሮፐብሊካ የሚባለው የዜና ድርጅት በስም የሚፈለግበት ገጽ አለው፣ ካንዲድ የሚባለውም አለ፣ እሱ እ.ኤ.አ. በ2019 ፋውንዴሽን ሴንተርና ጋይድስታር ተዋህደው የተፈጠረ ነው። እንግሊዝ ከሆነ የቻሪቲ ኮሚሽን መዝገብ አለ፣ ግራንትናቭ የሚባለው ላይ ደግሞ ብዙ ለጋሾች የሰጡትን በራሳቸው ፈቃድ ይለጥፋሉ። የአውሮፓ ህብረት የገንዘብ ድጋፍ ማመልከቻ ጥሪዎቹን ፈንዲንግ ኤንድ ቴንደርስ በሚለው ፖርታል፣ የአሜሪካ መንግስት ደግሞ ግራንትስ ዶት ጎቭ ላይ ያወጣል። መንግስታትና ትልልቅ ድርጅቶች ለየትኛው አገር ምን ላይ እንዳዋሉ ለማየት ዲ-ፖርታል አለ። ይሄን ሁሉ ሳናውቅ ነው በጨለማ ስንወረውር የነበረው።

እና አሁን አንድ ለጋሽ ሳገኝ መጀመሪያ የማየው ስለራሱ የጻፈውን አይደለም፣ ዌብሳይት ላይ ሁሉም ለህፃናት ለሴቶች ለአየር ንብረት ያስባል። ያለፉትን ሦስት ዓመታት ዝርዝር ነው የማየው። ለኛ መጠን ለሚሆን ማህበር ሰጥቶ ያውቃል ወይ? ትንሹ ግራንቱ፣ ማለትም የሚሰጠው ድጋፍ፣ የኛን የዓመት በጀት አምስት እጥፍ ከሆነ እሱ ለኛ አይደለም፣ ቢሰጠን ራሱ አንችለውም። በየዓመቱ ለነዛው ለ10 ድርጅቶች ብቻ የሚሰጥ ከሆነ በሩ ዝግ ነው ማለት ነው፣ ከ10ሩ አንዱን ካላወቃችሁ በስተቀር። ከአገሩ ውጪ ሰጥቶ ያውቃል ወይ የሚለው በተለይ ወሳኝ ነው፣ ምክንያቱም አንድ የአሜሪካ ፋውንዴሽን ለውጭ ማህበር ሲሰጥ ወይ ያ ማህበር ከአሜሪካ በጎ አድራጎት ጋር እኩል መሆኑን ማስመርመር አለበት ወይ የእያንዳንዷን ገንዘብ አወጣጥ ራሱ ሊከታተል ሃላፊነት መውሰድ አለበት። ብዙ ትንንሽ ፋውንዴሽኖች ይሄን ጣጣ ስለማይፈልጉ ነው ዝም የሚሏችሁ፣ ሥራችሁ ስላልጣማቸው ላይሆን ይችላል። እንደዛ ሲሆን እዛው አገር የተመዘገበና ገንዘቡን ተቀብሎ የሚያስተላልፍላችሁ አጋር ድርጅት መፈለግ ያዋጣል።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ፣ ለጋሹም እየፈለገ ነው። የአሜሪካ ህግ የግል ፋውንዴሽን ካለው ሀብት በዓመት 5 በመቶ ያህሉን እንዲያወጣ ያስገድደዋል፣ ካላወጣ ይቀጣል። ስለዚህ እዛ ቁጭ ብሎ ፕሮፖዛል የሚያነበው ሰው የሚመጥን ሥራ አላገኘሁም ብሎ የሚጨነቅ ሰው ነው፣ ይሄን ካወቅኩ በኋላ አንገቴን ደፍቼ መጻፍ አቆምኩ። ገንዘብ ያለው ሰው ሥራውን መስራት አይችልም፣ እኛ ደግሞ ሥራውን እንችላለን ገንዘብ የለንም፣ በቃ ሁለታችንም የጎደለን አለ። የልመና ቃና ያለው ደብዳቤ ሳይ አሁን አዝናለሁ፣ ምክንያቱም አብዛኛውን ጊዜ የሚጽፉት በጣም ጎበዝ ሥራ ያላቸው ሰዎች ናቸው።

በዚህ አይነት ስናጣራ የ60ው ሊስት ወደ 7 ወረደ። ለ7ቱ ግን ለእያንዳንዱ ለብቻው ጻፍን፣ ያውም ሙሉ ፕሮፖዛል አይደለም፣ መጀመሪያ አጭር ኢሜል፣ "ይሄን እንሰራለን፣ እናንተ አምና እንዲህ ያለ ሥራ ደግፋችኋል፣ የኛ ይመለከታችኋል ወይስ ጊዜያችሁን እያባከንን ነው?" የሚል። 4ቱ መለሱ። ከ4ቱ አንዷ የፕሮግራም ኃላፊ ግማሽ ሰዓት በስልክ አናገረችን፣ እሷ በዛ ግማሽ ሰዓት የነገረችን ነገር የትም አልተጻፈም፣ ቦርዳቸው ዘንድሮ ትኩረቱ ከልጆቹ ወደ ቤተሰብ እየዞረ እንደሆነ ነው የነገረችን፣ እኛ ደግሞ ሥራችን ራሱ ቤተሰብ ነው! ሰው ደውሎ መጠየቅ ለምን እንደሚፈራ ይገባኛል፣ ግን ካልተከለከለ በቀር ጠይቁ፣ ጥያቄ አጭርና የተጠና ከሆነ ማንም አይቆጣም።

አጻጻፉ ላይ ብዙ አልቆይም፣ ዋናው ጥሪው የጠየቀውን በጠየቀው ቅደም ተከተል መመለስ ነው፣ ነጥብ የሚሰጠው ሰው የነጥብ መስጫ ወረቀት ይዞ ነው የሚያነበው። ዴድላይኑ ሁለት ቀን ሲቀረው አትጀምሩ፣ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ነው። የምዝገባ ወረቀት፣ የኦዲት ሪፖርት፣ የቦርድ አባላት ዝርዝር፣ የባንክ ማረጋገጫ፣ እነዚህን አንድ ፎልደር ውስጥ አዘጋጅቶ መቀመጥ ነው። እኛ ኦዲት ያስደረግነው ማንም ሳይጠይቀን ነው፣ ገንዘባችን ትንሽ ስለነበር ሰው ለምን ይሄን ያህል ትለፋላችሁ ይለን ነበር፣ ግን መጀመሪያ የተሰጠን ግራንት ላይ ሚዛን የደፋው እሱ እንደሆነ በኋላ ነግረውናል።

በጀት ላይ ግን ልቆይ ነው፣ ምክንያቱም እዚህ ላይ ጥሩ ሰዎች ራሳቸውን ሲጎዱ ስለማይ። የመጀመሪያውን በጀት ስንሰራ አስተዳደራዊ ወጪ የሚለውን ዜሮ አደረግነው። ንፁህ የምንመስል መስሎን ነው፣ ሙሉው ገንዘብ ለወላጆቹ ይድረስ ብለን። ግራንቱ መጣ፣ ክፍሎቹ ተከፈቱ፣ ከዛ ሪፖርት መጣ፣ ደረሰኝ የሚያደራጅ ሰው የለም፣ ኢንተርኔት የሚከፍል የለም፣ አስተማሪዋ ማታ ማታ ኤክሴል ላይ እያመሸች ጠዋት ታስተምራለች፣ በስድስተኛው ወር ታመመች። ሪፖርቱ ዘገየ፣ የመጨረሻው ክፍያም አብሮ ዘገየ። ጥፋቱ የለጋሹ አልነበረም፣ የጻፍነውን ነው ያመነን።

በዘርፉ ይሄ የቆየ ችግር ነው፣ ለጋሹ ኦቨርሄድ፣ ማለትም ይሄው አስተዳደራዊ ወጪ፣ ዝቅ እንዲል ይጠብቃል፣ ድርጅቱ እውነተኛውን ወጪ ደብቆ ዝቅ አድርጎ ያቀርባል፣ ለጋሹ ያንን አይቶ በዚህ ይቻላል ማለት ነው ይልና በሚቀጥለው ደግሞ የባሰ ዝቅ ይጠብቃል፣ እንዲህ እየተሽከረከረ ድርጅቱ ይደርቃል። አሁን ነገሩ ትንሽ እየተሻሻለ ነው፣ ለምሳሌ የአሜሪካ ፌደራል መንግስት ከመንግስቱ ጋር የተስማማበት የራሱ ተመን ለሌለው ድርጅት የሚፈቅደውን የተዘዋዋሪ ወጪ (ኦቨርሄድ) ከ10 በመቶ ወደ 15 በመቶ ከፍ ያደረገው እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2024 ጀምሮ ነው። ስለዚህ የሂሳብ ሰራተኛችሁን ደሞዝ ጻፉት። ኪራዩንም ጻፉት። ለጋሹ ካልፈቀደ ይቆርጠዋል፣ እናንተ ግን ቀድማችሁ ራሳችሁን አትቁረጡ።

በነገራችን ላይ ግራንት ሊሰጣችሁ መጀመሪያ የማስፈጸሚያ ክፍያ የሚጠይቃችሁ ካለ ሌባ ነው። እውነተኛ ለጋሽ ገንዘብ ለመስጠት ገንዘብ አያስቀድምም። ልጅቷም እንደዚህ አይነት ኢሜል ደርሷት ልትከፍል ስትል ነው ያስቆምኳት።

አሁን ወደ ሌላው ልምጣ፣ እሱም ሁላችንም የምንዘለው ነው። ለጋሽ ሲባል ጭንቅላታችን ውስጥ የሚመጣው ትልቅ ፋውንዴሽን ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 አሜሪካ ውስጥ ለበጎ አድራጎት ከተሰጠው 557 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ውስጥ ሁለት ሦስተኛው የመጣው ግን ከግለሰቦች ነው፣ ፋውንዴሽኖች ከመቶ 19 አካባቢ ናቸው፣ ኩባንያዎች ደግሞ ከዛም በጣም ያንሳሉ። ሰው ነው የሚሰጠው። ተራ ሰው።

የልጅቷ የሊስት ጥያቄ የቆየ ጥያቄ መሆኑን ሳውቅ የምር ደስ ነው ያለኝ። ቤንጃሚን ፍራንክሊንን በ18ኛው ክፍለ ዘመን አንድ ቄስ የጸሎት ቤት ሊሰራ ፈልጎ "ለጋስ የሆኑ ሰዎችን ስም ዝርዝር ስጠኝ" ብሎት ነበር፣ ፍራንክሊን እምቢ አለ፣ አንዴ እሺ ብለውኝ የሰጡ ሰዎችን ለሌላ ጠያቂ አሳልፌ አልሰጥም ብሎ። በምትኩ ምክር ሰጠው፣ መጀመሪያ እንደሚሰጡ እርግጠኛ የሆንክባቸውን ጠይቅ፣ ቀጥሎ ይስጡ አይስጡ የማታውቃቸውን ጠይቅና የሰጡትን ዝርዝር አሳያቸው፣ በመጨረሻ በፍጹም አይሰጡም የምትላቸውንም አትለፋቸው፣ አንዳንዶቹ ላይ ተሳስተህ ሊሆን ይችላል አለው። ሰውየው ሁሉንም ጠየቀ፣ ካሰበው በላይ አገኘ። እኛ ይሄን ቅደም ተከተል እንዳለ ነው የወሰድነው፣ መጀመሪያ የቦርድ አባሎቻችን ራሳቸው ሰጡ፣ ትንሽም ቢሆን ሁሉም ሰጡ፣ ምክንያቱም ሌላ ሰው ስንጠይቅ "እናንተስ?" ሲሉን የምንመልሰው ያስፈልገናል።

ፍራንክሊን ሌላም ያደረገው አለ። እ.ኤ.አ. በ1751 ፊላደልፊያ ውስጥ ሆስፒታል ለማቋቋም ገንዘብ ሲሰበሰብ ህዝቡ 2,000 ፓውንድ ካዋጣ መንግስትም 2,000 ይጨምር የሚል ሐሳብ አቀረበ። የምክር ቤቱ ሰዎች ህዝቡ ያን ያህል ያዋጣል ብለው ስላልገመቱ ቶሎ ተስማሙ፣ ህዝቡ ደግሞ የሚሰጣት ገንዘብ እጥፍ እንደምትሆን ሲያውቅ ሰጠ፣ ሞላ። ዛሬ ማቺንግ ግራንት የምንለው ይሄው ነው። አንድ ደህና አቅም ያለው ሰው ካገኛችሁ ዝም ብላችሁ አትቀበሉት፣ "ሌሎች የሚሰጡትን በእጥፍ የሚያደርግ ይሁንልን?" ብላችሁ ጠይቁት፣ ለሱ ያው ገንዘብ ነው፣ ለናንተ ግን ሌላ መቶ ሰው ያመጣል።

ስለ ትንንሽ መዋጮ ደግሞ፣ የኒውዮርኩ የነፃነት ሐውልት የቆመበት መሰረት ገንዘብ አልቆበት ሲጓተት ጆሴፍ ፑሊትዘር እ.ኤ.አ. በ1885 ጋዜጣው ላይ ጥሪ አደረገ፣ የሚሰጠውን ሰው ሁሉ ስም፣ ገንዘቡ ምንም ያህል ትንሽ ቢሆን፣ ጋዜጣው ላይ አወጣለሁ አለ። በወራት ውስጥ ከ100,000 ዶላር በላይ ተሰበሰበ፣ የሰጡት ሰዎች ከ120,000 ይበልጣሉ፣ አብዛኞቹ አንድ ዶላር እንኳን የማይሞላ ነው የላኩት፣ ሳንቲም ያጠራቀሙ ልጆች ነበሩበት። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው እንዲህ ሲሆን ነው። እና እዚህ ውስጥ የምወደው ነገር ስማቸውን ማውጣቱ ነው፣ ማመስገኑ። እኛ ለሰጠ ሰው ሁሉ በሁለት ቀን ውስጥ ምስጋና እንልካለን፣ ከዛ በሦስተኛው ወር ደግሞ ምን እንደተሰራበት፣ ሳንጠይቀው። በየወሩ ትንሽ ትንሽ የሚሰጡን 38 ሰዎች አሉን፣ ከነሱ መሃል 11ዱ እኛ ጋር የተማሩ ወላጆች ናቸው። የማህበሩን ኪራይ የሚከፍሉት እነሱ ናቸው፣ ማንኛውም ግራንት ቢቀር በሩ አይዘጋም።

ሰውን ስንጠይቅ ስለ አንድ ልጅ እናውራ ወይስ ስለ ቁጥር የሚለው ብዙ አከራክሮናል። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ አንድ የታወቀ ሙከራ አለ፣ ለተሳታፊዎች 5 ዶላር ሰጥተው የፈለጉትን ያህል እንዲለግሱ አደረጉ፣ ስለ ረሃብ ስታቲስቲክስ ያነበቡት በአማካይ 1.14 ዶላር ሰጡ፣ ስለ አንዲት የማሊ ልጅ ብቻ ያነበቡት ግን 2.38 ሰጡ፣ ሁለቱን አንድ ላይ ያነበቡት ደግሞ 1.43 ብቻ። ስለዚህ የአንድ ሰው ታሪክ ይነካል፣ ይሄ እውነት ነው። እኔ ግን አንድ ድንበር አለኝ። የልጅ ፎቶ፣ ያውም እያለቀሰ፣ ያውም ወላጁ የት እንደሚለጠፍ ሳይገባው የተነሳ፣ አንጠቀምም። ያ ልጅ ያድጋል፣ ስሙን ኢንተርኔት ላይ ይፈልገዋል። የምንጽፈው እናቶቹ ራሳቸው ፈቅደው የነገሩንን ነው፣ ከመለጠፉ በፊት አንብበው እሺ ካሉ በኋላ። አንዷ እናት "ልጄ ለመጀመሪያ ጊዜ ህልሙን ነገረኝ" ያለችው ከማንኛውም የለቅሶ ፎቶ በላይ ሰው ነክቷል።

እምቢታ ይመጣል፣ ብዙ ይመጣል። አሜሪካዊቷ ቢሊየነር ለጋሽ ማኬንዚ ስኮት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣችው ክፍት ጥሪ ላይ 6,353 ድርጅቶች አመልክተው በ2024 የተሰጣቸው 361 ናቸው፣ ያውም መጀመሪያ ካሰበችው በላይ ጨምራ፣ በድምሩ 640 ሚሊዮን ዶላር። ከመቶ ስድስት አይሞላም። የቀሩት ሁሉ ደካማ ነበሩ ማለት አይቻልም። እምቢ ሲባል አመስግናችሁ ምን ቢሻሻል ይሻል ነበር ብላችሁ ጠይቁ፣ እኛ አንዱ ጋር ያለፍነው በሦስተኛው ዓመት ነው፣ ሁለት ጊዜ የሰጡንን አስተያየት አስተካክለን።

አንዳንዴ ደግሞ እምቢ የምንለው እኛ ነን። አንድ ለጋሽ ጥሩ ገንዘብ ይዞ መጥቶ የትምህርት ቁሳቁስ አከፋፍሉልኝ አለን፣ መልካም ሥራ ነው፣ ግን የኛ ሥራ አይደለም፣ ከተቀበልን አስተማሪዎቻችን ዓመቱን ሙሉ ዕቃ ሲቆጥሩ ሊከርሙ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ተከራክረን አልተቀበልነውም፣ ዕቃ በማደል የታወቀ ሌላ ማህበር ጋር አገናኘነው። ከባድ ነበር፣ ካዝናችን ባዶ ነበር።

እና አንድ ለጋሽ ላይ አትንጠልጠሉ። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 የአሜሪካ መንግስት የውጭ እርዳታውን ሲያቆም፣ በመጋቢት ደግሞ የአሜሪካ የውጭ እርዳታ ድርጅት ከሆነው ከዩኤስኤይድ ፕሮግራሞች 83 በመቶው መሰረዙ ሲነገር፣ በየአገሩ ስንት ጠንካራ ድርጅት በአንድ ኢሜል ሥራ እንዳቆመ አይተናል። እነዛ ድርጅቶች ሪፖርታቸው የተስተካከለ፣ ኦዲታቸው ንፁህ ነበር፣ ምንም አላጠፉም። ከዛ ወዲህ እኛ ከአንድ ምንጭ የሚመጣው ከዓመቱ ገቢ ሲሶውን እንዳያልፍ ብለን ቦርዱ ወስኗል፣ አንዳንዴ ትልቅ ግራንት ለማመልከት ያስቸግራል ግን ጸንተንበታል።

ለልጅቷ ይሄን ሁሉ ከነገርኳት በኋላ የሰጠኋት ሥራ ሁለት ነው፣ እነዛን መዝገቦች ከፍታ ለማየት ለተሳናቸው ሰዎች የሰጡ ለጋሾችን እንድትፈልግ፣ ከዛ ደግሞ እሷና ጓደኞቿ በግል ከሚያውቋቸው ሰዎች በእርግጠኝነት የሚሰጡ 20 ስም እንዲጽፉ። ትናንት ማታ ላከችልኝ። 9 ለጋሽ አግኝታ 5ቱን ራሷ ሰርዛቸዋለች፣ ከእያንዳንዱ ጎን ለምን እንደሰረዘችው በአንድ መስመር ጽፋለች፣ "ትንሹ ግራንት ለኛ በጣም ትልቅ ነው"፣ "ከአገሩ ውጪ ሰጥቶ አያውቅም"። ከ20ው ስም ደግሞ የመጀመሪያው የራሷ ነው።